የቀሩትን ልጆች የት እንፈልጋቸው?

ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ልጆች ለምን እንደማይማሩ ለማጥናት ስንወጣ አስቀድመን የትምህርት ቤቱን መዝገብ እንከፍታለን። መዝገቡ ግን የሚያውቀው የተመዘገበውን ነው።

ትግራይን እንመልከት። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተፈናቃዮች ይኖሩ ነበር። እንግዲህ ሲዘጋ የ12 ዓመት ልጅ የነበረች፣ በ2015 15 ሞልቷታል። ካቆመችበት ልቀጥል ብትል ከታናናሾቿ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ ሊያሳፍራት ይችላል። በመጀመሪያው ቅጻችን ላይ ለኀፍረት የሚሆን ቦታ አልነበረም!

ስለዚህ ወደ ቤትና ወደ ውኃ መቅጃው እንሂድ። እናትን «ልጅዎን ለምን አይልኩም?» ብንል ክስ ይመስላቸዋል፤ «ድህነት ነው» ብለው ይዘጉታል። እርዳታ ሰጪዎች መሆናችንን ያውቃሉና አይፈረድባቸውም። «ልጅዎ ትናንት ምን ሲሠራ ዋለ?» ብንል ግን ከብት ጥበቃውን፣ የመንገዱን ፍርሃት፣ የታመመውን አባት ያወጉናል። ልጁንም፣ ወላጆቹን አስፈቅደን፣ ራሱን እንጠይቀው።

ለውይይት፦ በአጥቢያችሁ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች አሉን? ልጆቻቸው ትናንት የት ዋሉ?