ፋይል አሳሽ ውስጥ ከመከፈት ይልቅ እንዲወርድ እንዴት እናደርጋለን?

የማኅበራችሁ ድረ ገጽ ላይ ሲኩሚም ወይም ወላጆች ስለ ሱዳን ጉዞ የተናገሩትን የድምፅ ቅጂ አስቀመጣችሁ እንበል። አንባቢው ሊንኩን ሲጫን ፒዲኤፉ እዚያው ይከፈታል፣ ድምፁም እዚያው ይጫወታል። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ግን እጁ ላይ ምንም የለም። ፋይሉ ስልኩ ላይ እንዲቀር ከተፈለገ ለአሳሹ መንገር ያለበት ሰርቨሩ ነው።

አሠራሩ

ሰርቨር ከፋይሉ በፊት ሄደር የሚባሉ አጫጭር መስመሮችን ይልካል። «ኮንቴንት-ታይፕ» የፋይሉን ዓይነት ይናገራል። «ኮንቴንት-ዲስፖዚሽን» ደግሞ ፋይሉ ምን ይደረግ የሚለውን ይናገራል፤ «ኢንላይን» ካለ ይከፈታል፣ «አታችመንት» ካለ ይወርዳል። ሄደሩ መጀመሪያ የተሠራው ለኢሜይል ነበር። ለድር የሚሆነው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 አርኤፍሲ 6266 ሆኖ ወጣ።

አፓቼ ላይ

1. «ሞድ-ሄደርስ» የተባለው ሞጁል መብራቱን አረጋግጡ።
2. በ«ፋይልስማች» ክፍል በፒዲኤፍ ወይም በኤምፒ3 የሚያልቁትን ስሞች ምረጡ።
3. በውስጡ «ሄደር ሴት ኮንቴንት-ዲስፖዚሽን አታችመንት» የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፉ።

ኤንጂንኤክስ ላይ

በ«ሎኬሽን» ክፍል ውስጥ «አድ-ሄደር» በሚለው ትእዛዝ ያንኑ ሄደር ጨምሩ። ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ በዚያ ክፍል አንድ «አድ-ሄደር» ሲገባ ከላይኛው ክፍል ይወረሱ የነበሩት ሌሎች «አድ-ሄደር» መስመሮች ይቀራሉ። ስለዚህ የደኅንነት ሄደሮቹን እዚያው ደግማችሁ ጻፏቸው።

የአማርኛ የፋይል ስም

«ፋይልኔም» የሚለው ተራ ቅጽ ለላቲን ፊደል ነው። ለአማርኛና ለዕብራይስጥ ኮከብ ያለበትን «ፋይልኔም*» ተጠቀሙ፤ ስሙም በዩቲኤፍ-8 ተቀይሮ በፐርሰንት ምልክት ይጻፋል። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» 9 ባይት፣ በፐርሰንት ሲጻፍ 27 ምልክት ይሆናል። የዕብራይስጡ «שלום» ግን 8 ባይትና 24 ምልክት ነው።

ለደኅንነትም ይጠቅማል

ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። አባላት ፋይል የሚጭኑበት ገጽ ካላችሁ አንድ ሰው ስክሪፕት የያዘ የኤችቲኤምኤል ወይም የኤስቪጂ ፋይል ሊጭን ይችላል። ፋይሉ በእናንተው አድራሻ ከተከፈተ ስክሪፕቱ በገባው አባል ስም ይሠራል። «አታችመንት» ሲሆን ግን ይወርዳል እንጂ በገጻችሁ ውስጥ አይሠራም። ከእሱ ጋር «ኖስኒፍ» የሚለውን ሄደርም ጨምሩ፤ አሳሹ የፋይሉን ዓይነት በግምት እንዳይለውጥ ይከለክላል።

ሄደሩ በገጽ ውስጥ የተተከለን ማጫወቻ አያግድም። ስለዚህ አያት በገጹ ላይ ያዳምጣሉ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ያንኑ ቅጂ አውርዶ ያስቀምጣል።

መልመጃ

አንድ ፒዲኤፍ ጭናችሁ የአሳሹን የ«ኔትወርክ» መስኮት ክፈቱና ሄደሩን ፈልጉ። ካላገኛችሁት መጀመሪያ የአሳሹን መሸጎጫ አጽዱ፤ ከዚያም ሰርቨሩ አዲሱን ቅንብር ማንበቡን አረጋግጡ።