ግምቱ ለአንቺ የተጻፈ አይደለም

ቆዪ እስቲ፣ ወደ ቤቱ ግምት ወረቀት መጨረሻ ገጽ አትሩጪ። ሁላችንም የምንቸኩለው ለድምሩ ነው። በመጀመሪያ ማን እንደጻፈው እዪ። የባንክ መሐንዲስ ነው አይደል? የባንክ ግምት የሚጨነቀው «ይህች ልጅ መክፈል አቅቷት ቤቱን በጨረታ ብንሸጠው ገንዘባችን ይመለሳል ወይ?» ለሚለው ነው። ለስም ማዞሪያ የሚገመተው ደግሞ ለመንግሥት ክፍያ ነው። «ለእሷ ይበጃታል ወይ?» ብሎ ግቢ የገባ መሐንዲስ የለም።

ስለዚህ ሻጩ አራት ሚሊዮን ሲልሽ ባንኩ ሁለት ተኩል ቢል አትደንግጪ፤ ሰውየውንም ሌባ አትበዪው። መሐንዲሱ ብሎኬቱን፣ ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን ቆጥሮ ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጅ እንደነበር ያሰላና ለእርጅናው ይቀንሳል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ገበያው ግን እዚህ ከተማችን፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አስፋልት ዳር ያለውን ቤትና ውስጥ ለውስጥ ያለውን በአንድ ዋጋ ሲሸጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? ባንኩ የሚያበድረው ከራሱ ግምት ተነሥቶ ስለሆነ ልዩነቱ ከኪስሽ ነው።

አሁን እዚህ ጋ አንብቢ፤ «የቤቱ ሁኔታ፦ ጥሩ»። እኔን ያቃጠለችኝ ይህቺ ቃል ናት። ሴቻ ሰፈር ያለውን ቤት ስገዛም ወረቀቱ «ጥሩ» ይል ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ የጓዳው ኮርኒስ ተንዶ ወረደ፤ እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል። ገማቹ አልዋሸም፤ ኮርኒስ አንሥተህ እይ ያለው ሰው አልነበረም። ዶርዜዎች ምስጥን ያውቁበታል፤ የቀርከሃ ቤታቸውን ከሥሩ ሲበላው የተበላውን እየቆረጡ ይጥላሉ። ቤቱ በየዘመኑ ያጥራል እንጂ ኖሮ ያኖራል። ከፈለጉም አንሥተው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። የአንቺ ብሎኬት እንዲህ አያደርግልሽም።

እናም ኮርኒሱ ይከፈትልኝ በይ። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኘሽ። የበሩን መቃን ግርጌ በቢላ ጫፍ ውጊው፤ እንደ ቂጣ ከገባልሽ ተመለሺ። ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም፤ ልስን ላይ የምትሄድ ፀጉር የመሰለች መስመር ምንም አይደለችም። ከመስኮት ጥግ ተነሥታ በሰያፍ የምትወርድ፣ ሳንቲም የምታስገባ ስትሆን ግን መሠረቱን ጠርጥሪ። መረሬ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለው ቤትም አብሮት ሲነሣና ሲወርድ ይኖራል። እኛ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ መሬቱ አንዳንዴ ይነቃነቃል። ኮለንና ቢሙ በብረት መያያዙን የሠራውን ግንበኛ ፈልገሽ ጠይቂ።

የግድግዳው ግርጌ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እርጥበት እየደበቁ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቤት በጥር ታይቶ አያልቅም የምልሽ፤ የሚያዝያ ዝናብ ሲወርድ ተመልሰሽ እዪው። ከዳገቱ የወረደው ጎርፍ የት እንደሚተኛ ደግሞ የጎረቤት እናቶች ያውቃሉ። ቡና ይዘሽ ሂጂ።

ካርታውን ከግቢው ጋር አስተያዪ። ጓሮ ያሉት ሰርቪሶች ካርታና ፈቃድ ከሌላቸው ባንኩ ላይቆጥራቸው ይችላል፤ ሻጩ ግን ዋጋ ጠይቆባቸዋል። ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማስረጃ ሳታዪ ውል እንዳትፈርሚ። ደላላው «ክፍያው እንዳይበዛ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ካለሽ እምቢ በይ። ነገሩ ቢበላሽና ገንዘብሽን ብትጠይቂ በእጅሽ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ቀብድንም እንደ ቀልድ አትዪው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። አንቺ ኮርኒሱን ሳታዪ ከፍለሽ፣ ምስጡን አይተሽ ብትመለሺ ተጎጂዋ አንቺ ነሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ መሰላልና ባትሪ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ።