ተስፋና ሥር የሰደደ ሕመም



አንዳንድ ሕመም መጥቶ ይሄዳል። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት፣ እንደ ኤች አይ ቪ ያለው ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ተስፋውን እንዴት ሊይዝ ይገባዋል? ከቤተ ክርስቲያናችን የቅርብ ታሪክ የምንማረው አለ።

በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ብዙ ሕሙማን አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ ጠበል ይጠመቁ ነበር። አንዳንዶቹም መድኃኒት መዋጥን እምነት እንደ ማጉደል ቈጥረው ክኒናቸውን አቋረጡ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ይለማመደዋል። በ1999 ዓ.ም. የጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለሕዝቡ ተናገሩ።

ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ በጸለየ ጊዜ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቷልና መድኃኒቱ ይቅር አልተባለም። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት 3 ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም፤ አገልግሎቱን ግን አልተወም።

ከዚህ እንደምንረዳው ተስፋ በሁለት መንገድ ይያዛል። አንዱ «ነገ እድናለሁና የዛሬው ክኒን ይቅርብኝ» ያሰኛል፤ ፈውሱ ሲዘገይም ወደ ተስፋ መቁረጥ ይለወጣል። ሌላው «ነገንም እኖራለሁና የዛሬውን እውጣለሁ» ያሰኛል። መድኃኒቱን በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወስድ ሰው የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊቀንስለት ይችላል። ይሠራል፣ ትዳር ይይዛል፣ ጤነኛ ልጅ ይወልዳል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? የሰንበቴ ገበያ እሑድ ስለሚውል ከቅዳሴ የወጣውም ከቆላ የመጣውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ መንገድ ይተላለፋል። ከመካከላቸው ክኒኑን ሰው እንዳያይበት ደብቆ የሚውጥ አይጠፋም። «እስከ አሁን አልዳንክም ወይ?» ብለን አናሳቅቀው። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ወደ ጤና ጣቢያ እንሸኘው፤ ከጉባኤ ሲቀር ቤቱ ሄደን እንጠይቀው፤ የሰማነውን ምሥጢር እንጠብቅለት። ብዙ ሰው ክኒኑን የሚያቋርጠው ሐሜትን ፈርቶ ነውና።

አምላካችን ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለእኛም አብሮ የመታገሥን ጸጋ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።