የሥራ አጥነት ክፍያ ሲዘገይ፦ የሕጉ ቀነ ገደብና የአመልካቹ ድርሻ

በአሜሪካ የሥራ አጥነት ክፍያን የሚያስተዳድሩት ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ ሆኖም በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ክፍያው ጊዜው እንደ ደረሰ በሙሉ እንዲፈጸም ያስገድዳቸዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 በጃቫ ጉዳይ ይህን ድንጋጌ ሲተረጉም፣ መብቷ በመጀመሪያው ምርመራ የተረጋገጠላት ሠራተኛ አሠሪዋ ይግባኝ በማለቱ ብቻ ክፍያዋ ሊቋረጥ እንደማይገባ ወስኗል።

ቀነ ገደብም አለ። በፌዴራል ደንብ መሠረት ከ100 የመጀመሪያ ክፍያዎች 87ቱ በ14 ቀናት፣ የመጠበቂያ ሳምንት በሌለባቸው ግዛቶች ደግሞ በ21 ቀናት ውስጥ መፈጸም አለባቸው። ይህ መለኪያ ግን የሚመዝነው የግዛቱን ጠቅላላ አፈጻጸም ነው፤ ከቀሪዎቹ 13 አንዱ ለሆነው አመልካች የሚሰጠው መጽናኛ ጥቂት ነው። በመሆኑም የአመልካቹ የራሱ ጥንቃቄ ይወስናል። ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ሳምንታዊውን ማረጋገጫ መሙላት ያቋረጠ ሰው፣ በይግባኝ ቢረታ እንኳ ያልሞላባቸውን ሳምንታት ክፍያ ሊያጣ ይችላል። ከስህተቶች ሁሉ በጣም የሚያስቆጨው ይኸው ነው።

የይግባኝ ጊዜው ከግዛት ግዛት ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው አጎራባች ግዛቶች ቨርጂኒያ 30 ቀን ስትፈቅድ፣ ሜሪላንድ የምትፈቅደው 15 ቀን ብቻ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤው ከተላከበት ዕለት እንጂ አመልካቹ ከከፈተበት ዕለት አይደለም። በሜሪላንድ እየኖረ በቨርጂኒያ ብቻ ሲሠራ የነበረ ሰው ደግሞ የሚያመለክተው ለቨርጂኒያ ነው፤ ክፍያው የሚከተለው ደመወዙ የተገኘበትን ግዛት እንጂ መኖሪያውን አይደለምና።