በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሠራ የአልጌ ማጣሪያ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የጨው ውኃ አኳሪየሞች የብልሽት አፈላለግ

የአልጌ ማጣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ከዓሣ ገንዳ በፓምፕ የሚሳብ ውኃ፣ ብርሃን በሚያርፍበት ሸካራ የፕላስቲክ መረብ ላይ በስሱ እንዲወርድ ይደረጋል። በመረቡ ላይ የሚበቅለው አልጌ ከዓሣው ምግብና ኩስ የሚመነጨውን አሞኒያ፣ ናይትሬትና ፎስፌት ወስዶ አካሉን ይገነባል። አልጌው በየጊዜው ሲፋቅ ንጥረ ነገሩም አብሮት ከገንዳው ይወጣል። ስልቱን ለኮራል ሪፍ ሞዴሎች ያዳበረው የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪው ዋልተር አዴይ ሲሆን፣ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዛሬ ትንሽ ፓምፕ፣ የፕላስቲክ ቱቦና የኤልኢዲ አምፖል ያለው ሰው በቤቱ ወይም በቤተ ሙከራው ሊሠራው ይችላል።

ስለ መሣሪያው የተጻፉት መመሪያዎች ግን ሦስት ነገሮችን ሳይናገሩ እንደተሟሉ ይቆጥራሉ፤ እነርሱም የባሕር ጠለል የአየር ግፊት፣ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የተሟላ የባሕር ጨው ናቸው። በደሴ ሦስቱም አይገኙም፤ በኮምቦልቻም ቢሆን ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው። በመመሪያዎቹ ልማድ ማጣሪያው ሲታወክ በቅድሚያ የሚመረመረው ብርሃኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ ቅደም ተከተሉ እዚህ መገልበጥ አለበት የሚል ነው፤ ፍተሻው ከኦክስጅንና ከመብራት መቋረጥ ይጀምራል፣ ወደ ውኃው ኬሚስትሪ ያልፋል፣ አምፖሉ ዘንድ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት የኦክስጅን ቁጥሮች በታወቁ የሙሌት መጠኖች ላይ ተመሥርተው የተሰሉ እንጂ በገንዳ ውስጥ የተለኩ አይደሉም።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመደበኛው የከባቢ አየር ሞዴል መሠረት የአየር ግፊቱ በደሴ የባሕር ጠለሉን 74 በመቶ፣ በኮምቦልቻ 80 በመቶ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በ35 ግራም ጨዋማነት ላይ ያለ ውኃ በባሕር ጠለል ሊይዝ የሚችለው የሟሟ ኦክስጅን በሊትር 6.75 ሚሊግራም ያህል ነው። የውኃ ትነት ግፊት ከተቀነሰ በኋላ ይኸው መጠን በኮምቦልቻ ወደ 5.3፣ በደሴ ወደ 4.9 ይወርዳል። አኳሪየም ጠባቂዎች ኦክስጅኑ ከ5 ሚሊግራም በታች እንዳይወርድ ይጠነቀቃሉ። እንግዲህ በደሴ ያለ የጨው ውኃ ገንዳ ሙሉ በሙሉ በአየር በተሞላበት ሰዓት እንኳ ሌላው ቦታ የማስጠንቀቂያ ወሰን በሚባለው ላይ የቆመ ነው።

ይህ በመብራት መቋረጥ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። 100 ሊትር ውኃ በያዘ ገንዳ ውስጥ ዓሦቹና ባክቴሪያዎቹ በሰዓት 50 ሚሊግራም ኦክስጅን ይጠቀማሉ እንበል፤ ከውኃው ገጽ የሚገባውንም ለጊዜው እንተወው። ፓምፑ ከቆመበት ቅጽበት አንሥቶ ኦክስጅኑ ለብዙ ዓሦች አደገኛ ወደሆነው 2 ሚሊግራም እስኪወርድ በባሕር ጠለል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በኮምቦልቻ ከሰባት ሰዓት ያነሰ፣ በደሴ ከስድስት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። የደሴ ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑ በከፊል ያግዛል፤ ማሞቂያው ሲጠፋ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ የዓሣውም የኦክስጅን ፍላጎት ይቀንሳል። ሆኖም ቅዝቃዜው ራሱ ለሞቃት ባሕር ዓሣ ሌላ ጉዳት ስለሆነ እንደ መድኅን ሊቆጠር አይገባም። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም የተሻለ አምፖል ቀድሞ ሊገዛ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የመብራት መቋረጡ ሁለተኛ ጉዳት የሚታየው ኃይሉ ሲመለስ ነው። ፓምፑ እንደቆመ መረቡ ይደርቃል፤ ለጥቂት ሰዓታት የደረቀ አልጌም በከፊል ይሞታል። ኃይሉ ተመልሶ ውኃው ሲወርድ ከፈረሱት ሕዋሳት የወጣው ኦርጋኒክ ቁስና አሞኒያ በቀጥታ ወደ ገንዳው ይታጠባል፤ ይህ የሚሆነው ኦክስጅኑ ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው። በማግሥቱ ዓሣ ሞቶ ሲገኝ ጥፋቱ በማጣሪያው ላይ ይደፋል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ማጣሪያው የተነሣበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከረዥም መቋረጥ በኋላ መረቡ ወጥቶ በባልዲ ውስጥ ባለ የገንዳው ውኃ ሊለቀለቅ፣ የገረጣውና የላላው አልጌ ሊነሣ፣ የተለቀለቀበትም ውኃ ሊደፋ ይገባል። በተጨማሪም ፓምፑ ሲቆም ውኃ በቱቦው ወደ ኋላ እንዳይሳብ ከውኃው ገጽ ጥቂት ከፍ ብሎ በቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። ቀዳዳው በጨው ስለሚደፈን በየሳምንቱ ይፈተሽ።

ከኦክስጅን ጋር የሚያያዝ አንድ ጥቅም ግን አለ። የማጣሪያው አምፖል ገንዳው በሚጨልምበት ሰዓት፣ ማለትም በሌሊት እንዲበራ ቢደረግ፣ አልጌው በፎቶሲንተሲስ የሚያመነጨው ኦክስጅን የሚደርሰው በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ይህ ልማድ በሌላ ቦታ እንደ ምርጫ የሚታይ ነው፤ በእኔ አስተያየት በደሴ ግዴታ ነው።

ወደ ውኃው ኬሚስትሪ ስናልፍ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጨው ነው። በባሕር ውኃ ከሟሟው ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ በአንድነት 86 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ፤ የቀረው በዋናነት ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ነው። ከአፋር የሚመጣውና በገበያ የሚገኘው የምግብ ጨው ግን በትነት የተገኘ ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ጨዉ ሲረጋ ማግኒዥየሙ በአብዛኛው በተረፈው ውኃ ውስጥ ይቀራል። በዚህ ጨው የተዘጋጀ ውኃ በሃይድሮሜትር ሲለካ ትክክለኛ ይመስላል፤ መሣሪያው የሚያነበው ጥግግትን እንጂ ይዘትን አይደለምና። ማግኒዥየም የክሎሮፊል ማዕከል በመሆኑ አልጌው ይገረጣል፤ ዓሣውም ይጎዳል። ለቤተ ሙከራ የሚበጀው በላይማንና ፍሌሚንግ ስም የሚታወቀው የ1940 (እ.ኤ.አ.) ቀመር ነው። በአንድ ኪሎግራም ውኃ ሶዲየም ክሎራይድ 23.5፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 5.0፣ ሶዲየም ሰልፌት 3.9፣ ካልሲየም ክሎራይድ 1.1፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.66፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 0.19 ግራም ይይዛል። ማግኒዥየም ክሎራይድ በመደርደሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ ከስድስት የውኃ ሞለኪውሎች ጋር የተያያዘ ስለሆነ 10.6 ግራም መመዘን አለበት፤ ሁለት የውኃ ሞለኪውሎች የያዘው ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ 1.5 ግራም ያህል። ቀመሩ ብረት ስለሌለው አልጌው ቢጫ ሆኖ ከቀጠለ በጥቂቱ ብረት መጨመር ይታሰባል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሚጨመረው ውኃ ነው። በመረቡ ላይ በስሱ የሚወርድ ውኃ በፍጥነት ይተናል፤ ዝቅተኛ የአየር ግፊትም ትነትን ያፋጥናል። የሚተነው ውኃ ብቻ፣ የሚቀረው ጨው ስለሆነ መተኪያው ጨው የሌለበት መሆን አለበት። የደሴ ዙሪያ አለት በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ በባዛልት ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውኃም ሲሊካ ይዞ ይወጣል። ሲሊካ የዲያቶም ዛጎል መሥሪያ በመሆኑ መረቡ ላይ አረንጓዴ ጭራማ አልጌ በመብቀል ፋንታ ቡናማ ዝልግልግ ሽፋን ሊይዝ ይችላል። መመሪያዎቹ ይህን ዓይነት ሽፋን የብርሃን ማነስ ወይም የንጥረ ነገር መብዛት ምልክት ያደርጉታል፤ ያም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት አምፖሉ ሳይነካ ለሦስት ሳምንት መተኪያውን ውኃ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ መለወጥ ይበቃል። ሽፋኑ ከሳሳ ምክንያቱ ውኃው ነበር።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ጉድለት ካልተገኘ ወደ ተለመደው ምርመራ መግባት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር የመረብ ስፋት በሰዓት 50 ሊትር ያህል ፍሰት ይመከራል። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መረብ አሥር ሊትር ባልዲ በ36 ሴኮንድ ካልሞላ ፓምፑ ደክሟል ወይም ቱቦው ተደፍኗል፤ በፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ውኃ ወደ ላይ ሳይገፋ የተለካ ስለሆነ አይታመንበትም። መረቡ በመጋዝ ጥርስ ካልተሻከረ አልጌው ሥር አይዝም። አምፖሉ ቀይ ቢሆን ይመረጣል፣ 660 ናኖሜትር አካባቢ። የመረቡም ስፋት በገንዳው ሊትር ሳይሆን በቀን በሚሰጠው ምግብ መጠን ይወሰናል።

በፍቂያ ረገድም የከፍታው ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። መመሪያዎቹ መረቡን በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ መፋቅ ይመክራሉ። እዚህ ግን ሙሉ ፍቂያ ማለት ለብዙ ሌሊት የኦክስጅኑን አንድ ምንጭ ማጣት ስለሆነ፣ በአንዱ ሳምንት ግማሹን፣ በሚቀጥለው ቀሪውን መፋቅ ይሻላል፤ ፍቂያውም ጠዋት ቢሆን፣ ችግር ቢፈጠር ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይታያል።