በደጋ አገር ከከብት እበት ጋዝ ስለ ማውጣት

እንጨት በተመናመነበት ደጋ አገር እበት ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል። ኩበት ሲነድ ግን ለእርሻ ሊደርስ የሚገባው ናይትሮጂን ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ መሬቱም ከዓመት ወደ ዓመት ይከሳል። ስለዚህ አንዱ እበት ለምድጃም ለማሳም የሚያገለግልበትን መንገድ ማወቅ ለገበሬው ታላቅ ጥቅም አለው። ይኸውም የባዮጋዝ ማብላያ ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሥራውን ጀምሯል።

እበትና ውሃ እኩል ተለውሶ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተዋሕስያን ያብላሉታል። ከሚወጣውም ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠው ሜቴን የተባለው ነዳጅ ነው። ተዋሕስያኑ በሚገባ የሚሠሩት ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሥራቸው ይዘገያል፤ ከ10 ዲግሪ በታችም ጋዙ እጅግ ጥቂት ይሆናል። ሆኖም ብርዱ ያዘገያቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ስለዚህ የደጋ ማብላያ ሁለት ነገር ይሻል፤ እነርሱም ጊዜና ሙቀት ናቸው።

ስለ ጊዜ፦ በየቀኑ 30 ኪሎ ግራም እበትና 30 ሊትር ውሃ የሚጨምር ቤተ ሰብ፣ በየቀኑ 60 ሊትር ገደማ ልውስ ያስገባል። ልውሱ 45 ቀን እንዲቆይ 2,700 ሊትር የሚይዝ ስፍራ ይበቃል፤ በብርድ አገር 90 ቀን እንዲቆይ ግን 5,400 ሊትር የሚይዝ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ለጋዙ መጠራቀሚያ የሚሆን ስፍራ ይጨመርበታል። እንግዲህ የቆላውን ማብላያ ልክ ወስዶ በደጋ መሥራት ገንዘብንና ድካምን ማባከን ነው።

ስለ ሙቀት፦ ማብላያው ከጥላ ርቆ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ከመሬት በታች ይሠራ፤ በላዩም አፈርና ጭድ ይልበስ። መለወሻው ውሃ በፀሐይ ይሙቅ፤ እበቱም ሳይቀዘቅዝ ይግባ። በደቡብ አሜሪካ በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች የፕላስቲክ ማብላያውን በጭቃ ጡብ ግድግዳ ከብበው፣ ፀሐይ በሚያሳልፍ ላስቲክ እየሸፈኑ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያሉ።

ሥራው ሲጀመር ከሚሠራ ማብላያ የተቀዳ ዝቃጭ እንደ እርሾ ቢጨመር ጋዙ ቶሎ ይመጣል። ጋዙ ባነሰ ጊዜ እበት ማብዛት ግን ስሕተት ነው፤ ተዋሕስያኑ ሊያብላሉት ከሚችሉት በላይ ሲገባ ልውሱ ይኰመጥጣል፣ ጋዙም ይቆማል። ያን ጊዜ መጨመሩን ቀንሶ መታገሥ ይገባል። ደግሞም ጋዙ ሰውን አፍኖ ሊገድል ስለሚችል ማንም ወደ ጉድጓዱ መግባት የለበትም፤ ቱቦው ማፍሰስ አለማፍሰሱም በእሳት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ይመርመር።

ጋዙ ከወጣ በኋላ በዝቃጩ ውስጥ ናይትሮጂኑ ይቀራል። ዝቃጩ በፀሐይ ሳይደርቅ ከገለባ ጋር ተከምሮ ወይም በቀጥታ ወደ ማሳ ቢወሰድ፣ ምድጃው የተበደረውን ለመሬቱ ይመልሳል።