ከዲላ አስፋልት እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ኮራል፦ ለጀማሪ ጠላቂ ደረጃ በደረጃ

ስኩባ ዳይቪንግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የካሪቢያን ደሴቶችን ነው። ዲላ ለሚኖር ሰው ግን በየብስ የሚደረስበት ኮራል አለ። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ይገባል። ከናይሮቢ ባቡር ሞምባሳ ያወርዳል። ከሞምባሳ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዲያኒ የተባለው የባሕር ዳርቻ አለ። ጤናና 12 ቀን ካለዎት ጠልቀው ይመለሳሉ።

1. ወሩን ይምረጡ። ጥር ወይም የካቲት ይሁን። የጌዴኦ ቡና ተለቅሞ ያለቀበት፣ እጅ ላይ ገንዘብ የሚገኝበት ጊዜ ነው። በኬንያ ዳርቻም ባሕሩ የሚረጋውና ውሃው የሚጠራው ያኔ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አይሂዱ፤ ዝናቡ ውሃውን ያደፈርሰዋል።

2. ፓስፖርትዎን ይዩ። ከስድስት ወር በላይ የሚቀረው ይሁን። ኢትዮጵያዊ ለጉብኝት ወደ ኬንያ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም፤ ቢሆንም ደንብ ይለወጣልና ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ።

3. የቢጫ ወባ ክትባት ይውሰዱ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ይቅደም። ክትባቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ቢጫ ካርዱን ግን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙት።

4. ሐኪም ያነጋግሩ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ወይም የሳንባ ቀዶ ጥገና ካለ አይደብቁ። እርጉዝ ሴት አትጥለቅ። የኬንያ ዳርቻ ወባ አለበት፤ መከላከያ መድኃኒት ሲጠይቁ ሊጠልቁ መሆኑን ይናገሩ። ሜፍሎኪን የተባለው መድኃኒት ለጠላቂ አይመከርም፤ ሌላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

5. ዋና ይለማመዱ። ኦፕን ዋተር ለተባለው የጀማሪ ጠላቂ ኮርስ 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይጠበቅብዎታል። ፍጥነት አይለካም። ልምምዱን ዓባያ ሐይቅ ውስጥ አያድርጉ፤ አዞ አለበት። 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐዋሳ ካሉት ሆቴሎች የመዋኛ ገንዳ ያለውን ይጠቀሙ።

6. የጠላቂዎች ማዕከል ይያዙ። ዲያኒ ውስጥ በርካታ አሉ። ፓዲ ወይም ኤስኤስአይ ከተባሉት ድርጅቶች ዕውቅና ያለውን ይምረጡ። አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዞ እንደሚወርድ ይጠይቁ። ጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩንም ይጠይቁ፤ መልስ ለመስጠት ካመነቱ ሌላ ማዕከል ይፈልጉ። የአንድ ቀን ሙከራ አለ፤ ከ12 ሜትር አያልፍም። ኦፕን ዋተር ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል፤ እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል። እንደኔ ኮርሱን ይውሰዱ፤ አንድ ጊዜ ለመጥለቅ ይህን ያህል መንገድ አይኬድም።

7. ወደ ሞያሌ ይነሱ። ከአንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄደው የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች ይጠይቁ። ማለዳ ይሳፈሩ። በወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ቡሌ ሆራና ያቤሎ አድርገው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። ሞያሌ ይደሩ።

8. ድንበሩን ይሻገሩ። የኢትዮጵያ መውጫና የኬንያ መግቢያ ማኅተም ሁለቱም መመታታቸውን ቆመው ይዩ። ተሻግረው የሳፋሪኮም ሲም በፓስፖርትዎ ያውጡ፤ ኤም-ፔሳም ያስከፍቱ። ኬንያ ውስጥ ማታቱ ከሚባለው ሚኒባስ ታክሲ እስከ ሆቴል የሚከፈለው በእሱ ነው።

9. የናይሮቢ አውቶቡስ ይያዙ። በማርሳቢትና ኢሲዮሎ በኩል 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎቹ ሌሊት ይጓዛሉ። ሹራብ ከእጅዎ አይለይ፤ ናንዩኪ አካባቢ ይበርዳል።

10. የባቡር ትኬት ቀድመው ይቁረጡ። ማዳራካ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር ከግንቦት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ናይሮቢንና ሞምባሳን ያገናኛል። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ሲዮኪማው ነው፤ የሻንጣ ፍተሻውም ረጅም ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይድረሱ።

11. ዲያኒ ይግቡ። ከሞምባሳ በሊኮኒ ጀልባ ይሻገሩ፣ በማታቱ ኡኩንዳ ይውረዱ፣ በባጃጅ ማረፊያዎ ይድረሱ። እዚያ ባጃጁን ቱክቱክ ይሉታል። ሰዓት ሲነገርዎት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ሰዓትን ከንጋት ይቆጥራሉ፤ ማዕከሎቹና ባቡሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሠራሉ። በዚህ የተነሳ ጀልባ ያመለጠው እንግዳ ቢኖር አይገርምም።

12. ዕቃዎን ይፈትሹ። ማስኩን ያለ ማሰሪያው ፊትዎ ላይ አድርገው በአፍንጫ አየር ይሳቡ፤ ከተጣበቀ ልክዎ ነው። የአየር ሲሊንደሩን ይክፈቱ። መለኪያው 200 ባር ገደማ ማሳየቱን ይዩ። ሬጉሌተር በተባለው መተንፈሻ ጥቂት ይተንፍሱ። ቢሲዲ የተባለውን ጃኬት ነፍተው ያስተንፍሱት። የክብደት ቀበቶው በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን።

13. የእጅ ምልክቶቹን ያጥኑ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክብ ሲሠሩ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር ደግሞ «እንውጣ» ማለት ነው። የኛ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ጎበዝ» ሊል ፈልጎ አስተማሪውን ከውሃ ያስወጣዋል።

14. ቀስ ብለው ይውረዱ። ጆሮዎ ከማመሙ በፊት አፍንጫዎን ይዘው በቀስታ እፍ ይበሉ። በየአንድ ሜትሩ ይድገሙት። አልከፈት ካለ ትንሽ ወደ ላይ ይመለሱና እንደገና ይሞክሩ። አያስገድዱት። ጉንፋን ከያዘዎት በዚያ ቀን አይጥለቁ።

15. ሳያቋርጡ ይተንፍሱ። ትንፋሽ በፍጹም አይያዙ። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገጽ እጥፍ ነው። እዚያ የሳቡት አየር ወደ ላይ ሲወጡ ይሰፋል፤ ከተያዘ ሳንባ ይቀደዳል።

16. ኮራሉን አይንኩ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ፣ ፊን የተባለውን የእግር መቅዘፊያ ከአሸዋው ያርቁ። ኤሊ ካዩ አያባርሩ፤ ከቆሙ ራሷ ትቀርባለች።

17. አየርዎን ይቆጣጠሩ። በየጥቂት ደቂቃው መለኪያውን ይዩ። 100 ባር ሲደርስ ለአስተማሪዎ ያሳዩ። 50 ባር ሳይነኩ ጀልባ ላይ ይሁኑ።

18. ወደ ላይ ይውጡ። በደቂቃ ከ9 ሜትር አይፍጠኑ። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ይቁሙ።

19. ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠልቁት ኪሲቴ ይሁን። ከሺሞኒ በጀልባ ይሄዳሉ፤ ከዋሲኒ ደሴት ባሻገር ያለ የባሕር ፓርክ ነው። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል፤ ሒሳቡ ውስጥ መካተቱን ይጠይቁ።

20. አንድ ሙሉ ቀን በዳርቻው ይረፉ። ይህን ደረጃ የደጋ ሰው አይዝለለው። ጥልቀት ላይ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጡ አረፋ ይሠራል። ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 18 ሰዓት ነው፤ እርስዎ 24 ያድርጉት። አውሮፕላን ላይ ብቻ የሚሠራ ሕግ እንዳይመስልዎ፤ የናይሮቢ ባቡርም 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያወጣዎታል። ዲላ ራሷ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት፣ የጌዴኦዋ ቡሌ ደግሞ ከዚያም ብዙ ትበልጣለች። በዕረፍቱ ቀን ውሃ አብዝተው ይጠጡ፣ መጠጥ ይተዉ።

21. ሰውነትዎን አድምጠው ይሳፈሩ። መገጣጠሚያ የሚያምዎ፣ እጅ እግር የሚደነዝዝዎ፣ ወይም ያልተለመደ ድካም የሚሰማዎ ከሆነ ትኬቱን ይተዉት። ወዲያውኑ ለማዕከሉ ይደውሉ፤ ኦክስጅን እንዲሰጡዎና ወደ ሕክምና እንዲወስዱዎ ይጠይቁ። ምንም ከሌለ ባቡሩን ይያዙ።